ያውቁ ኖሯል? ዋይፋይዎ የሚጠፋው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ጨርሶ የጠፋ ኢንተርኔት ቁርጡን ይነግራል፤ ደውለው «የለም» ይላሉ፣ አለቀ። የሚያናድደው መጣ ሄድ የሚለው ነው። ቴክኒሻኑ በር ላይ ሲደርስ እንግዳ እንደመጣበት ልጅ ሥርዓት ይይዛል። እናም ከመደወልዎ በፊት የጠፋበትን ሰዓት ይጻፉ።

ዌልስ ውስጥ አበርሆሳን የምትባል መንደር ለ18 ወራት በየጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኢንተርኔቷ ሲቋረጥ እንደኖረ ያውቁ ኖሯል? የኔትወርክ ኩባንያው የኦፕንሪች ቴክኒሻኖች መስመሩን ደጋግመው ፈተሹ፣ ኬብልም ቀየሩ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚለይ መሣሪያ ይዘው፣ ዶፍ እየወረደባቸው በማለዳ መንደሩን ይዞሩ ጀመር። ልክ 1 ሰዓት ሲሆን መሣሪያው ረብሻውን ያዘ። ምንጩ የአንድ ቤት አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር! በየጠዋቱ ሲከፈት የሚለቀው ረብሻ የመንደሩን መስመር ያናጋ ኖሯል። የቤቱ ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ በጣም አፍረው ሁለተኛ እንደማይከፍቱት ቃል ገቡ። ወሬው የተሰማው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ነው። ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ፣ ሰዓቱ ያን ያህል ጊዜ እየመሰከረ ኬብሉ ቀድሞ መጠርጠሩ ነው።

የሚጠፋው ምግብ ሲሞቅ ከሆነስ? ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ብዙ ራውተሮች የሚጠቀሙበት 2.4 ጊጋኸርዝም እዚያው ሰፈር ስለሆነ ሊረበሽ ይችላል። አውስትራሊያ የሚገኘው የፓርክስ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አልፎ አልፎ እንግዳ ምልክት ይመዘግብ ነበር። በ2015 ጉዱ ሲወጣ፣ በግቢው ያለው ማይክሮዌቭ ሥራውን ሳይጨርስ በሩ ሲከፈት የሚያመልጥ ሞገድ ሆኖ ተገኘ። እርስዎ ቴሌስኮፕ ስለሌለዎት ስልክዎን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ይበቃዎታል።

5 ጊጋኸርዝም ጣጣ አያጣውም። ከፊሎቹን ቻናሎች የሚጋሩት ከራዳሮች ጋር ነው። በብዙ አገሮች ደንብ መሠረት ራውተሩ ራዳር ከሰማ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቻናሉን ለቅቆ፣ ለ30 ደቂቃ አይመለስበትም። አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩ ከሆነ ከ36 እስከ 48 ካሉት ቻናሎች አንዱን ይምረጡ፤ እነዚህ ከራዳር ነጻ ናቸው።

በፈረንሳይ ሜሳንዥ ከተማ ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት የሚጠፋው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ነበር። የአገሪቱ የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲያጣራ፣ ምክንያቱ አንድ አባት ልጆቹ ሌሊት ኢንተርኔት እንዳይነኩ ያበራው የሞገድ ማፈኛ ሆነ። የልጆቹን ብሎ የሰፈሩን ሁሉ አጠፋ። ማፈኛ መጠቀም እዚያ አገር በሕግ ያስቀጣል።

ስልክዎ ላይ ያሉት የዋይፋይ መስመሮች ስለ ኢንተርኔቱ አንዳች እንደማይናገሩ ያውቁ ኖሯል? የሚያሳዩት በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለውን የሞገድ ጉልበት ብቻ ነው። ሙሉ ሆነው ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።

ጥፋተኛውን መለየት ከፈለጉ ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ፒንግ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒዩተርዎ ውስጥ ይገኛል። መጀመሪያ ራውተሩን (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው)፣ ቀጥሎ ውጭ ያለውን 8.8.8.8ን ይጥሩ። ራውተሩ እየመለሰ ውጭው ዝም ካለ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ነው። ራውተሩ ራሱ ከዘጋዎት ጣጣው እቤትዎ ነው።

የራውተሩን አንቴና ጫፍ ወደ ራስዎ ማነጣጠር ትርፍ የለውም፤ ሞገዱ የሚወጣው ከጎኑ ነው፣ ጫፉ ጋ ይደክማል።

ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ራውተሩ አጠገብ ካስቀመጡ ያርቁት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ገመዱና መሰኪያው 2.4 ጊጋኸርዝን እንደሚረብሹ አሳይቷል።

የቤት ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ፣ በኤዲኤስኤል መስመር ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድምፅና ኢንተርኔት የሚለየው ማጣሪያ ነው። ፋይበር ከሆነ ኤልኦኤስ የሚል ምልክት ያለበትን መብራት ይዩ፤ ቀይ ከሆነ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን መቀበያው ሳጥን ጋ እየደረሰ አይደለም። ገመዱ ከቁም ሣጥን ጀርባ ተጨፍልቆ ወይም ታጥፎ ሊሆን ይችላል።

አጥፍቶ ማብራት የሰነፍ መፍትሔ ይመስላል። ሆኖም በሜይ 2018 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ ሕዝቡን «ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ» ብሎ ነበር። ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች 500,000 ያህል መሣሪያዎችን ይዞ ነበርና። አጥፍቶ ማብራቱ ከፊሉን ቢያራግፍም ሥሩ ይቀራል፤ እሱን የሚነቅለው ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ነበር። ለዚህ በመርፌ የሚነካውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት ግን አገልግሎት ሰጪው የሰጠዎትን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ አብረው ይጠፋሉ።