ደመወዙ ተቀራራቢ፣ ጥሪቱ ለየቅል

አማርኛችን «ሀብታም» የሚለውን ቃል ለባለፎቁ ትቶለታል፤ ስለ አውቶቡስ ሹፌር ሀብት ማውራት ያስቃል። አሜሪካ ውስጥ ስለ ዘርና ስለ ሀብት የሚካሄደውን የቆየ ክርክር ለመከታተል ግን «ጥሪት» የሚለው ቃል ይሻላል፤ ቤቱ፣ መኪናው፣ ቁጠባውና አክሲዮኑ ተደምሮ ዕዳው ሲቀነስ የሚተርፈው ማለት ነው። ደመወዝ የራስ ላብ ነው። ጥሪት ውስጥ ግን አያትም አለበት።

ክርክሩን ያጋለው በ2007 መገባደጃ የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የየዘሩ ቤተሰቦች ከደሃው እስከ ባለጠጋው ተሰልፈው መሃል ላይ የሚቆመው ቢታይ፣ በ2009 የነጩ ጥሪት 113,149 ዶላር፣ የሂስፓኒኩ (የዘር ሐረጉ ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዘው) 6,325፣ የጥቁሩ 5,677 እንደነበር ፒው የተባለው የጥናት ተቋም አስልቷል። ከ2005 ወዲህ የነጩ 16 በመቶ ሲቀንስ የጥቁሩ 53፣ የሂስፓኒኩ 66 በመቶ ተንዷል።

ለምን? የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ነጩ ግን ከቤቱ ሌላ የጡረታ ሂሳብና አክሲዮን ነበረው። አክሲዮንም ወድቋል፤ ነገር ግን በ2013 የአክሲዮን ገበያው ከቀድሞው ጣሪያ አልፎ ነበር። የጥቁሩና የሂስፓኒኩ ሠራተኛ ጥሪት በአብዛኛው ቤቱ ነበር። የቤት ዋጋ የሚያገግመው ቀስ ብሎ ነው፤ ቤቱ በሐራጅ ለተሸጠበት ሰው ደግሞ ዋጋው ቢያገግምም የሚጠቀመው የገዛው ነው።

ቤቱም ቢሆን እኩል ዕድል የተሰጠበት አልነበረም። ለቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የፌደራል መሥሪያ ቤት በ1934 ሲቋቋም ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ገሸሽ አደረገ። በዚያው ዘመን ሌላ የመንግሥት ተቋም በከተሞች ካርታ ላይ እነዚህኑ ሰፈሮች ቀይ ቀብቶ «አደገኛ» አላቸው። ነጩ ሠራተኛ በረጅም ጊዜ ብድር ቤት ገዝቶ ለልጁ ሲያወርስ፣ ከጎኑ ቆሞ በዚያው ፋብሪካ የሚሠራው ጥቁር በኪራይ አረጀ። በቤት ሽያጭ፣ ኪራይና ብድር ዘር መለየት በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው።

ከዚያ የመጣው ነገር፣ ለእኔ ከክልከላው በላይ መራር ነው። ብድር የተነፈገው ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብድር ደጁ ድረስ መጣለት፤ ሰብፕራይም የሚባለው። ብዙ ጊዜ ወለዱ ለሁለት ዓመት ያህል ዝቅ ይልና ከዚያ ይዘላል። የተሻለ ብድር የሚገባቸው ሰዎች ጭምር ወደዚህ ተገፍተዋል። ካንትሪዋይድ የተባለው አበዳሪ ተመሳሳይ የብድር ታሪክ ካላቸው ነጮች ይልቅ ከ200,000 በላይ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተበዳሪዎችን አብልጦ አስከፍሏል ብሎ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከስሶት፣ በ2011 መጨረሻ ጉዳዩ በ335 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክም በተመሳሳይ ክስ በ2012 175 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ጥፋቱን ግን አላመነም። ችግሩ የደሃ ሰፈር ብቻም አልነበረም፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ደህና ደመወዝ የሚያገኙ ጥቁሮች በሰፈሩበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ሐራጁ ከሜሪላንድ ሁሉ ከፍቶ ነበር።

ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ብቻ ተነጥለው ሲታዩ ግን ሌላ ሥዕል ይወጣል። በ2007 በዚህ ጎራ ያለው ነጭ ቤተሰብ ከጥቁሩ አሥር እጥፍ ገደማ ጥሪት ነበረው፤ በ2016 ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ወረደ። እሰይ ከማለት በፊት ከሁለቱ ማን እንደተንቀሳቀሰ መጠየቅ ነው። የነጩ ከ42,700 ወደ 22,900 ዶላር ወርዷል፤ የጥቁሩ 5,000 አካባቢ ነበር። ልዩነቱ የጠበበው የጥቁሩ ጓዳ ሞልቶ ሳይሆን ደሃው ነጭም ቤቱን እያጣ ስለወረደ ነው። በመካከለኛ ገቢ ላይ ባሉት መካከል ግን በእነዚሁ ዓመታት ልዩነቱ ሰፍቷል።

ገቢ ሳይለይ ወደ ሁሉም ቤተሰቦች ስንመለስ፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭ፣ በ2022 ትልቅ ጥናቱ መሃል ላይ የሚቆመውን ቤተሰብ ጥሪት እንዲህ አስልቷል፤ ነጩ 285,000፣ ጥቁሩ 44,900 ዶላር። በ2019 ስምንት እጥፍ ገደማ የነበረው ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ ቀንሷል። የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ በዶላር ሲሰላ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ጨምሯል። «ጠበበ» የሚለውም «ሰፋ» የሚለውም ተከራካሪ ይዞ የሚቀርበው ያንኑ ሠንጠረዥ ነው።