2147483647፦ ከኦይለር ስሌት እስከ ጥምቀት ማለዳ

2147483647 ሲያዩት በዘፈቀደ የተደረደሩ አሥር አሃዞች ይመስላል፤ አመጣጡ ግን ቀላል ነው፤ 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ይኸው ቁጥር ነው፤ በ0 እና በ1 ብቻ በሚጽፈው የኮምፒውተር አጻጻፍም አንድም ዜሮ ሳይገባበት 31 አንዶች ሆኖ ይሰፍራል።

ቁጥሩ ፕራይም ወይም ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የለም። ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች የሚጠሩት በፈረንሳዊው መነኩሴ በማራን መርሰን ስም ሲሆን፣ መርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው የሁለቶች ብዛት ዝርዝር 31ን ቢያስገባም፣ 67ንና 257ንም በስሕተት ስለጨመረ ቃሉ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1772፣ በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ከነበረውና የዓይኑ ብርሃን ከደከመው ስዊዘርላንዳዊ ከሌዎናርድ ኦይለር ነው።

አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ፣ ከ1 ከሚበልጡት አካፋዮቹ ትንሹ ከዳግም ዘሩ፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ያንን ቁጥር ከሚሰጠው፣ አይበልጥም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ፍለጋው 46340 ላይ ያበቃል። እስከዚያ ያለውን ሁሉ መሞከር አድካሚ በመሆኑ ኦይለር አስቀድሞ አካፋዩ ምን ዓይነት መልክ ሊኖረው እንደሚችል መረመረ፤ ብቸኛ የሆነ አካፋይ ካለ፣ ለ62 (የ31 እጥፍ ነው) ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ሕጉ በትንሽ ቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል፤ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 2047 ይሆናል፣ እርሱም 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ ነው፣ ሁለቱም ለ22 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። በዚህ ላይ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ መሆኑ ሲደመር፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ፤ ሥራውም ቢበዛ ወደ 372 ማካፈል ወረደ። ከቁጥሩ ግዝፈት ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ይህ የድካም ቅነሳ ነው።

ቁጥሩ በ30 ሁለቶች ብዜት ሲባዛ 2305843008139952128 ይሰጣል፤ ይህም እንደ 6 (1 ሲደመር 2 ሲደመር 3) ከራሱ የሚያንሱት አካፋዮቹ ተደምረው እርሱኑ የሚሰጡት «ፍጹም ቁጥር» ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ለጉጉት እንጂ ለጥቅም ስለማይሆኑ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር የሚፈልግ ሰው አይኖርም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ተሳሳተ።

2147483647 ራሱም ከጉጉት አልፎ ሥራ ላይ ውሏል። ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ሲሆን፣ ለቁጥሩ የተመደበው 32 ቢት፣ አንዱ ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክት ስለሚውል፣ ከ2147483647 በላይ አይዝም። ልኩ የሚሞላው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው፤ በቀጣዩ ሰከንድ ቁጥሩ ወደ አሉታዊ ስለሚገለበጥ ያልታደሰ መሣሪያ ዕለቱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ብሎ ያነብበዋል።