ከእኩለ ሌሊት በኋላ፦ የካልት ፊልሞች መስህብና የውድቀት ሁለተኛ ዕድሜ

በፊልም ጥናት «ካልት ፊልም» የሚለው ስያሜ የሚሰጠው፣ በወጣበት ጊዜ ሰፊው ተመልካች ችላ ላለው ወይም ከመደበኛው ገበያ ዳር ለቀረ፣ ነገር ግን ጥቂቶች አጥብቀው ለወደዱትና ደጋግመው በማየት ከንግግሩ እስከ ስሕተቱ በቃላቸው ለያዙት ፊልም ነው። ቃሉ «መንከባከብ» እና «ማምለክ» የሚሉ ፍቺዎች ካሉት የላቲን ቃል የመጣ ነው። «የአምልኮ ፊልም» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ይሁንና አንባቢ ሃይማኖታዊ ፊልም እንደሆነ አድርጎ ሊረዳው ስለሚችል በዚህ ጽሑፍ የውጭው አጠራር እንዳለ ተወስዷል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዎች እንግዳ ነገር የበዛበትን፣ ያልተዋጣለትን ወይም ጊዜ ያለፈበትን ፊልም ለምን ይወድዳሉ? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ይዘወተራሉ። አንዱ ናፍቆት ነው፤ የድሮ ፊልም የድሮ ዘመንን ያስታውሳል ይባላል። ሌላው ፌዝ ነው፤ የከፋ ፊልም ያስቃል ይባላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን «ኤል ቶፖ» በኒው ዮርክ ለወራት በታየበት ወቅት አዲስ ፊልም ስለነበር ናፍቆት ሊያስረዳው አይችልም። የከፉ ፊልሞችም በየዓመቱ በብዛት ተሠርተው በዚያው የሚረሱ በመሆናቸው፣ ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ ብቻ የተወደዱበትን ምክንያት ፌዝ አይነግረንም። መልሱ የሚገኘው በፊልሞቹ ይዘት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በታዩበት ሰዓት፣ በታዩበት አዳራሽና በነበራቸው ሕጋዊ ሁኔታ ውስጥ ነው። ከዚህ አቅጣጫ ሲታይ ደግሞ ብዙም የማይነሳ ሌላ ጉዳይ ብቅ ይላል፤ ይኸውም ተመልካቹ ለሚያገኘው ደስታ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ነው።

የእኩለ ሌሊት አዳራሽ

በ1970 መጨረሻ በኒው ዮርክ ከተማ ቼልሲ ሠፈር የነበረው ኤልጂን ሲኒማ፣ ሥራውን ይመራ በነበረው በቤን ባረንሆልዝ ውሳኔ፣ የቺሊ ተወላጅ የሆነውን የአሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪን «ኤል ቶፖ» በእኩለ ሌሊት ማሳየት ጀመረ። ፊልሙ በሜክሲኮ የተሠራ ሲሆን፣ መልኩ የካውቦይ ፊልም ቢሆንም በሃይማኖታዊ ምልክቶች፣ በደምና ሕልም በሚመስሉ ትዕይንቶች የተሞላ ነው። በመደበኛው የምሽት መርሐ ግብር ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይወርድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በእኩለ ሌሊት ግን እስከ 1971 አጋማሽ ዘለቀ። ማስታወቂያው ኢምንት ነበር፤ ፊልሙን ያስተዋወቀው ያዩት ሰዎች ወሬ ነው።

የዚህ ስኬት ምሥጢር በአብዛኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የሲኒማ አዳራሽ ሥራ የፈታ ንብረት ነው። ባለቤቱ ጥቂት ትኬት ቢሸጥ እንኳ ከባዶ ወንበር ይሻለዋል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ አንድ ሳምንት የማይሰጠው ፊልም በዚያ ሰዓት ተመልካቹ እስኪያገኘው ድረስ ሊጠበቅ ይችላል። ተመልካቹንም የሚያበጥረው ራሱ ሰዓቱ ነው። በዚያ ሌሊት ትኬት የሚቆርጥ ሰው ዝናብ ሽሽት የገባ መንገደኛ አይደለም፤ እንቅልፉን ትቶ፣ ምን ሊያይ እንደሆነ በከፊል አውቆ የመጣ ነው። አጠገቡ የተቀመጠውም እንደዚያው ነው። ጄ. ሆበርማን እና ጆናታን ሮዘንባም በ1983 ስለ እኩለ ሌሊት ፊልሞች ያሳተሙት መጽሐፍ ለዘርፉ መሠረት ከሆኑት አንዱ የሆነው፣ ፊልሞቹን ከእነዚህ አዳራሾችና ከታዳሚዎቻቸው ጋር አያይዞ በመመርመሩ ነው።

ልማዱ ከኤልጂን ወደ ሌሎች አዳራሾች ተስፋፋ። የጆን ዋተርስ «ፒንክ ፍላሚንጎስ» እና ከጃማይካ የመጣው የፔሪ ሄንዜል «ዘ ሃርደር ዘይ ካም»፣ ሁለቱም የ1972 ሥራዎች፣ በዚሁ መንገድ ዝና አገኙ። እጅግ የታወቀው ግን «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ነው። ይህ የአስፈሪና የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን የሚያፌዝ ሙዚቃዊ ፊልም በ1975 ሲወጣ ከሰረ። በኤፕሪል 1976 በግሪንዊች ቪሌጅ በነበረው ዌቨርሊ ሲኒማ በእኩለ ሌሊት መታየት ሲጀምር ግን ተመልካቾቹ ከሸራው ጋር መነጋገር ጀመሩ። ገጸ ባሕርያቱ በንግግራቸው መካከል ዝም ሲሉ፣ ታዳሚው እንደ ዘፈን ተቀባይ የራሱን ቃል ያስገባል። በሠርጉ ትዕይንት ሩዝ ይበተናል፤ በዝናቡ ትዕይንት ጋዜጣ ራስ ላይ ይደረጋል፤ አልባሳቱን የለበሱ ወጣቶችም ከሸራው ሥር ቆመው ፊልሙን በትይዩ ይተውኑታል። ፊልሙ በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ዛሬም አልወረደም፤ በሙኒክ ያለው ሙዜም ሊሽትሽፒለ ከ1977 ጀምሮ ያሳየዋል።

በዚህ ምሳሌ ትኩረት የሚስበው፣ በሃያሲ ዓይን የአርትዖት ድክመት የሚመስለው የንግግሮቹ ዝግመት ለታዳሚው የተተወ ቦታ ሆኖ መገኘቱ ነው። ጣልያናዊው ሊቅ ኡምቤርቶ ኤኮ ስለ «ካዛብላንካ» በጻፈው መጣጥፍ ወደዚህ የተጠጋ ሐሳብ ሰንዝሯል። በእርሱ እይታ አንድ ሥራ የካልት ፍቅርን እንዲያተርፍ ሊሰባበርና ሊነጣጠል የሚችል መሆን አለበት፤ ተመልካቹ ሙሉውን ሳይሆን ቁርጥራጩን ይዞ እንዲሄድ ይፈልጋል። በሚገባ የተገጠመ፣ ክፍተት የሌለው ፊልም ይደነቃል እንጂ በቀላሉ አይሸራረፍም።

የጠፋው ምልክት

የጉዳዩን ሌላ ገጽ ከማንኛውም ፊልም ይልቅ የሚያሳየው የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ወይም «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ነው። ሮሜሮና ባልደረቦቹ በፔንስልቬንያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ የንግድ ማስታወቂያዎችን ይሠሩ ነበር። ገንዘብ አዋጥተውና ከሌሎችም ሰብስበው፣ ከ114 ሺህ ዶላር ገደማ ባልበለጠ ወጪ፣ በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኝ አሮጌ የገጠር ቤት ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጹ። ታሪኩ አጭር ነው። ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን ይበላሉ፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ተዘግተው ለማደር ይታገላሉ፤ ከውጭ ካለው አደጋ እኩል የሚያጠፋቸው በመካከላቸው ያለው አለመስማማት ነው።

ፊልሙ በኦክቶበር 1968 ከመውጣቱ በፊት አከፋፋዩ ርእሱን ቀየረ። የመጀመሪያው ርእስ ሥጋ በሎችን የሚጠቅስ ነበር። በወቅቱ በዩናይትድ ስቴትስ ይሠራበት የነበረው የ1909 የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ ለሕዝብ የሚሠራጭ ማንኛውም ሥራ የባለመብቱን ስም የሚገልጽ ምልክት እንዲይዝ ያስገድዳል። ምልክቱ የሰፈረው ከፊልሙ ርእስ ጋር ስለነበር የድሮው ርእስ ሲነሣ አብሮ ተነሣ፤ በአዲሱ ላይ ማንም አልመለሰውም። በዚህች ግድፈት ፊልሙ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ማንኛውም ሲኒማ ቤት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ኋላም ማንኛውም የቪዲዮ ካሴት አባዢ ለሠሪዎቹ አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ሊያሳየውና ሊሸጠው ቻለ።

ፊልሙ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገቢ ሲያስገኝ ለሠሪዎቹ የደረሳቸው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ነገር ግን ይኸው ግድፈት ፊልሙን በየቦታው አደረሰው፤ በእኩለ ሌሊት አዳራሾች፣ በዩኒቨርሲቲ የፊልም ክበቦች፣ በቴሌቪዥን የሌሊት ፕሮግራሞችና በርካሽ ካሴቶች ታየ። ኋላ የመጡ አዘጋጆች ከፊልሙ ምስል ቆርጠው በራሳቸው ሥራ ውስጥ ሲያስገቡ ፈቃድ የሚጠይቁት ባለመብት አልነበረም። የዛሬው «ዞምቢ» ፊልም መላ ሥርዓቱን የወሰደው ከዚህ ሥራ ቢሆንም ቃሉ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም።

ደጋግሞ ማየት ትርጉሙንም ለወጠው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ቤንን የተጫወተው ጥቁሩ ተዋናይ ዱዌይን ጆንስ ነው። ሮሜሮ የመረጠው በሙከራው የተሻለ ሆኖ ስላገኘው እንደሆነ በተደጋጋሚ ተናግሯል፤ የፊልሙ ጽሑፍም ስለ ገጸ ባሕርይው ዘር የሚለው ነገር የለም። ጆንስ በበኩሉ፣ ሸካራ የጭነት መኪና ሹፌር ተደርጎ የተጻፈውን ሰው ንግግር አስተካክሎ የተማረና የረጋ ሰው አደረገው። ቤን ሌሊቱን ብቻውን ተርፎ ሲነጋ፣ ሙታኑን ለማደን የወጡ ነጭ ታጣቂዎች ከሙታን አንዱ መስሏቸው ይገድሉታል። ፊልሙም ሬሳው በሥጋ መስቀያ መንጠቆ ሲጎተትና ሲቃጠል በሚያሳዩ፣ የጋዜጣ ፎቶግራፍ በሚመስሉ የቆሙ ምስሎች ይዘጋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው ፊልሙ ከመውጣቱ ከስድስት ወር በፊት ነበር፤ ሮሜሮ የግድያውን ዜና የሰማው የተጠናቀቀውን ፊልም ወደ ኒው ዮርክ ይዞ በሚጓዝበት መኪና ውስጥ እንደነበር ተናግሯል። ስለዚህ ዛሬ በፊልሙ ውስጥ የሚነበበው የዘር ጥያቄ ከአዘጋጁ ዕቅድ ይልቅ ከተዋናዩ ሥራ፣ ከዘመኑና ከተደጋገመው እይታ የተገኘ ነው ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1999 ፊልሙን በብሔራዊ የፊልም መዝገብ አካትቶታል።

ከሳቁ በስተጀርባ

በኤድ ዉድ ላይ የደረሰው ከዚህ የባሰ ነው። «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» በተባለው ፊልሙ የሚታየው ታዋቂ ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ በ1956 የሞተው ጥቂት ድምፅ አልባ ምስሎችን ብቻ ከተቀረጸ በኋላ ነበር። በቀሪዎቹ ትዕይንቶች ፊቱን በካባ የሸፈነ፣ በቁመትም የሚበልጠው ሌላ ሰው ተተክቷል። በ1980 የሜድቬድ ወንድማማቾች ባሳተሙት የቧልት መጽሐፍ ፊልሙ ከሁሉ የከፋ ተብሎ ተሰየመ፤ ከዚያ ወዲህ ታዳሚው በሳቅ ያጅበው ጀመር። ዉድ ግን ይህን አላየም። በ1978፣ ከሚኖርበት ቤት ከተባረረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞቷል። ስለ እርሱ ሕይወት የተሠራው የቲም በርተን ፊልም በ1994 ወጥቶ ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን አገኘ።

ጄፍሪ ስኮንስ በ1995 ባሳተመው የታወቀ ጥናት፣ የፈረንሳዊውን የማኅበረሰብ ተመራማሪ የፒየር ቡርዲዮን ሐሳብ ተንተርሶ፣ የተናቀን ፊልም መውደድ በባህል ልሂቃን ላይ የሚደረግ የጣዕም ዐመፅ መሆኑን ያስረዳል። ዐመፀኞቹ ብዙ ጊዜ ከዚያው ከተማረው ክፍል የወጡ፣ አንዳንዶቹም የፊልም ትምህርት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መሆናቸውን ማስተዋሉ ለዚህ ቡለቲን አንባቢ ባዕድ አይሆንም። ትንታኔው ጠንካራ ቢሆንም የዉድን ፊልም ከሌሎች ሺህ ደካማ ፊልሞች የለየውን ነገር አይነግረንም። ለዚህ በ1964 ሱዛን ሶንታግ ያመለከተችው ልዩነት የበለጠ ይረዳል፤ ሳያውቅና ከልቡ የሚሳሳት ሥራ ሆን ተብሎ ከተበላሸ ሥራ ይበልጥ ይማርካል። ዉድ በታዳሚው ላይ አላሾፈም። ታዳሚው የሚስቀው ሊያሳካው በማይችለው ነገር ላይ ሙሉ እምነቱን የጣለን ሰው እያየ ነው፤ ሳቁ ከርኅራኄ ጋር የሚቀላቀለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከገበያ የተገፋ ፊልም ታዳሚውን ሲያገኝ ሠሪው ሁልጊዜ ተጎጂ ነው ማለት ግን አይደለም። ኢትዮጵያዊው የፊልም ባለሙያ ኃይሌ ገሪማ በ1993 የወጣውን «ሳንኮፋ» የሚያከፋፍልለት የአሜሪካ ኩባንያ ባጣ ጊዜ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሲኒማ ቤቶችን እየተከራየ ከከተማ ከተማ ራሱ አሳይቶታል። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የሚገኘው በፊልሙ ስም የተጠራ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብርም የዚሁ ጥረት ተከታይ ነው። «ሳንኮፋ» በይዘቱ ካልት ፊልም አይባልም። ከአፍ ወደ አፍ በሚሄድ ወሬ መኖሩ ግን ከ«ኤል ቶፖ» ጋር ያመሳስለዋል፤ ከሮሜሮ ፊልም የሚለየው መብቱም ኮፒውም በሠሪው እጅ መቆየታቸው ነው።

ዛሬ እነዚህ ሁኔታዎች አብዛኞቹ ተለውጠዋል። ዩናይትድ ስቴትስ የበርን ስምምነትን ተቀብላ ሕጓን ካሻሻለችበት ከማርች 1989 ወዲህ የመብት ምልክት መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ አዲስ ፊልም በአንድ መስመር መረሳት ብቻ የሕዝብ ሀብት ሊሆን አይችልም። የድሮ ፊልሞች በኢንተርኔት በማንኛውም ሰዓት ስለሚገኙ ሰዓቱ ተመልካቹን ማበጠሩን ትቷል። ያም ሆኖ ልማዱ አልሞተም። የቶሚ ዋይዞ «ዘ ሩም» በ2003 በሎስ አንጀለስ ሲወጣ ከስሮ፣ ኋላ በየከተማው በእኩለ ሌሊት ታዳሚዎች የፕላስቲክ ማንኪያ እየወረወሩ የሚያዩት ፊልም ሆኗል። ፊልሙን በቤቱ ብቻውን ማየት የሚችል ሰው አሁንም ትኬት ቆርጦ ወደ አዳራሽ ይሄዳል።

ሮሜሮና የቀድሞ ባልደረቦቹ በ1990 «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»ን በቶም ሳቪኒ አዘጋጅነት በቀለም እንደገና ሠሩት። ከዓላማቸው አንዱ ከመጀመሪያው ፊልም ያጡትን ገቢ በከፊል ማካካስ ነበር። አዲሱ ፊልም ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምና የማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ፋውንዴሽን በ2016 ከዋናው ኔጋቲቭ አድሰው ያቀረቡት የ1968ቱን ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው።