የእንግሊዝኛው «ፕረዘንት ፐርፌክት» ፍቺና አገባብ



ዛሬ የማነሣው በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚባለውን የግሥ ቅርጽ ነው። «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ከግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር ተጣምሮ እንደሚመሠረት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስለምታውቁት በአመሠራረቱ ላይ አልቆይም። የሚያስቸግረው ፍቺው ነው።

እኛ ይህን ቅርጽ በ«መጥቷል»፣ «ጽፋለች» መተርጎም ለምደናል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። የአማርኛው ቅርጽ ከቦዝ አንቀጽና «አለ» ከሚለው ረዳት ግሥ የተገነባ ስለሆነ፣ ሁለቱም ያለፈውን ድርጊት ከአሁኑ ጋር ያያይዛሉ። «ቁልፌ ጠፍቷል» የሚል ሰው አሁንም ቁልፍ የለውም።

የኛው ቅርጽ ግን አልፎ ይሄዳል። «ትናንት መጥቷል» ማለት እንችላለን፤ እንግሊዝኛው «ሃዝ»ን ከ«የስተርደይ» ጋር አያስማማም። የሚናገርበት ዘመን እስከ ንግግሩ ቅጽበት ክፍት መሆን አለበትና፣ ጊዜው ተዘግቶ ከተጠቀሰ ቦታውን ለቀላሉ ኀላፊ ጊዜ ይለቃል።

ዘመኑ አንዳንድ ጊዜ ተውሳከ ግሥ ሳይኖርም ይዘጋል። «ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ጽፈዋል» ብንል ለአማርኛ ጆሮ ምንም እንከን የለበትም። በእንግሊዝኛ «ሃዝ ሪትን» ያልን እንደሆነ ግን ሰሚው ደራሲው በሕይወት ያሉ ይመስለዋል፤ እርሳቸው በ1996 ዓ.ም. ስላረፉ ትክክሉ «ሮት» ነው። ኖም ቾምስኪም በአንስታይንና በፕሪንስተን ምሳሌ ይህንኑ አሳይቷል፦ ሟቹ አንስታይን ባለቤት ሲሆን ዐረፍተ ነገሩ ይጎረብጣል፤ በተገብሮ ግሥ ፕሪንስተን ባለቤት ስትሆን ግን፣ ከተማዋ ዛሬም አለችና፣ ይስተካከላል። በእኔ አስተያየት ከብዙ የሰዋስው ሕግጋት ይልቅ ይህ አንድ ምሳሌ ያስተምራል።

ነገሩ ከክፍል ውጭም ዋጋ ያስከፍላል። «ለአምስት ዓመት አገልግላለች» የሚል የሥራ ልምድ ማስረጃ «ሃዝ ሰርቭድ ፎር ፋይቭ ዪርስ» ተብሎ ሲተረጎም፣ ውጭ አገር ያለው አንባቢ በአብዛኛው የሚረዳው ሴትዮዋ ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ መሆኗን ነው። ሥራውን ለቃ ከሆነ ሰነዱ የማይገባ ጥርጣሬ ያመጣባታል። አማርኛው ብቻውን መልቀቅ አለመልቀቋን አይነግረንም። ስለዚህ ተርጓሚው ከመጻፉ በፊት ባለጉዳይዋን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ለቃ ከሆነ «ሰርቭድ» ብሎ የጀመረችበትንና የለቀቀችበትን ዓመት ይጻፍ።