ተጨማሪ መረጃ፦ ሳንባ የማያስወጣው ክር

ኔሊ ከርሾው በእንግሊዝ አገር፣ በሮችዴል ከተማ የፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች። የምትፈትለው ግን ጥጥ ሳይሆን አስቤስቶስ ነበር። አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር፣ እንደ ቃጫ የሚተለተልና እሳት የማይበላው ማዕድን ነው። በዚህ ጠባዩ የተነሳ ለጣሪያ፣ ለቧንቧ መሸፈኛና ለመኪና ፍሬን ሸራ ሲያገለግል ኖሯል።

ኔሊ በ1924 እ.ኤ.አ. ገና በ33 ዓመቷ ሞተች። ዶክተር ዊሊያም ኩክ ሳንባዋን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ጠባሳ የወረሰው፣ የማዕድን ስብርባሪ የተሰገሰገበት ሆኖ አገኙት። በ1927 እ.ኤ.አ. በሽታውን አስቤስቶሲስ ብለው ሰየሙት።

ስንተነፍስ የሚገባውን አቧራ በመጀመሪያ የሚይዙት የአፍንጫ ፀጉርና ንፍጥ ናቸው። የአስቤስቶስ ቃጫ ግን እጅግ ቀጭን ስለሆነ አልፎ እስከ አየር ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ማክሮፋጅ የተባሉ፣ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሴሎች ይጠብቁታል። ቃጫው ከሴሉ ስለሚረዝም ሴሉ ውጦ ሳይጨርሰው ይሞታል፤ የሚረጨው ኬሚካልም አካባቢውን ያቆስላል። ቁስሉ ጠባሳ፣ ጠባሳው በጠባሳ ላይ ይሆንና እንደ ስፖንጅ ልል የነበረው ሳንባ ይደድራል። ደረጃ መውጣት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል።

በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ሚስቶች የባላቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ ሲያጥቡ መታመማቸው ነው።

ሞክሩ፦ የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለውን አቧራ ለማየት፣ ጠዋት ክፍሉን አጨልማችሁ በመስኮት ቀዳዳ የሚገባውን የፀሐይ ጨረር ተመልከቱ። የሚደንሰውን አቧራ ታያላችሁ? ጨረሩ ከሌለበት ቦታስ አቧራ የለም?