የልደታ ንፍሮና የኮንዶሚኒየም ዕጣ

ግንቦት 1 ቀን፣ በእመቤታችን ልደት ዕለት፣ እያንዳንዱ ቤት እንደ ዐቅሙ ካዋጣው ስንዴና ሽንብራ፣ ባቄላና አተር የተቀቀለው ንፍሮ ደጅ ወጥቶ በሰፌድ ሲቀርብ፣ ባለ ግንቡም ባለ ጭቃ ቤቱም ሣር ላይ ተቀምጠው አብረው መቅመሳቸው የአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በበዓሉ ስም በሚጠራው በልደታ ሰፈር ግን ይህ ልማድ የአሠፋፈሩ ሥዕል ነበር ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ ስትቈረቈር መኳንንቱ በየጉብታው ግቢያቸውን ሲተክሉ፣ ጭፍራውም ሎሌውም እጀ ጥበቡም በዙሪያቸው ሰፍሮ ነበርና፣ የባለጸጋውና የነዳዩ ኑሮ እንደ ሰማይና ምድር ቢራራቅም አጥራቸው ይዋሰን ነበር። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ ከአከራዩ ነጻ ወጣ፤ ኪራዩም ቀለለለት፤ ነገር ግን የማይሸጠውን፣ ለልጁ የማያወርሰውን ቤት ማን ያድሳል? ግድግዳው ተቦረቦረ፤ ቆርቆሮው ዛገ። ያንን ኑሮ ዛሬ የሚናፍቅልን ሰው በክረምት ከሚያፈስ ጣራ ሥር ያላደረ ነው።

ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ መልሶ ሊለማ ሲፈርስ ያዘነ ብቻ ሳይሆን የተደሰተም ነበር። የቀበሌው ተከራይ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተባለ፤ ወይ ኮንዶሚኒየም፣ ወይ በሌላ ሰፈር ሌላ የቀበሌ ቤት። ምርጫው ለሁሉ እኩል ይመስላል፤ ቅድሚያ ክፍያውን ማዋጣት ያልቻለች ጉሊት ቸርቻሪ ግን ገና ሳትጠየቅ ተመርጦላታል። ከፍሎ ቤቱን ያገኘውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቤቱን አከራይቶ፣ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እየከፈለ፣ ራሱ እንደ ቀድሞው ያለ የጭቃ ቤት ለመከራየት ይወርዳል፤ እነሆ ባለ ንብረት የሆነ ድኻ!

ዕጣ ለባለጸጋና ለምስኪን አያዳላም ይባላል። ዳሩ ግን በ2009 ዓ.ም. በዚያው በልደታ ክፍለ ከተማ በሰንጋ ተራ፣ ከክፍለ ከተማውም ውጭ በክራውን ሳይት የተሠሩት 972 ቤቶች በዕጣ ሲተላለፉ፣ መርሐ ግብሩ ስሙ 40/60፣ ማለትም 40 በመቶው በቍጠባ 60 በመቶው በባንክ ብድር፣ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ዕጣው የገቡት ሙሉውን ዋጋ አስቀድመው የቈጠቡት ነበሩ። ዕጣውማ አላዳላም፤ ያዳላው የዕጣው በር ነው።

ሰፈርን አፍርሶ በመሥራት መንገድ አሜሪካውያንም ቀድመውን ሄደውበታል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1949 በወጣው የቤቶች ሕግ መሠረት በቦስተን ከተማ የጣሊያን ስደተኞች ልጆች በብዛት የሚኖሩበት ዌስት ኤንድ ከ1958 ጀምሮ ፈርሶ፣ በምትኩ ለባለ ገንዘብ የሚሆኑ ረጃጅም ሕንጻዎች ተተከሉ። ከመፍረሱ በፊት በዚያ የኖረው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ኸርበርት ጋንስ በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ቆሻሻ መንደር ተብሎ የተፈረደበት ሰፈር ለኗሪዎቹ ደኅና መንደር እንደ ነበረ መስክሯል፤ ምስክርነቱ ግን ከፍርዱ ዘግይቶ ደረሰ።

በእኛም ሰፈር እድር፣ እቁብና የጽዋ ማኅበር ለድኻ ባንኩም መድኑም ናቸው። ባለጸጋ ሰፈር ሲለቅ ሒሳቡን ይዞ ይሄዳል፤ ድኻ ግን ሒሳቡ በጎረቤቱ ልብ የተጻፈ ስለ ሆነ ጥሎት ይሄዳል። ሕጉ ራሱ ይህን ዘግይቶ ተገንዝቦ፣ በዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስርም ካሣ እንዲከፈል ደንግጓል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለተበተነ እድር ዋጋውን በብር የሚተምን ማን ነው?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም ሌሎች ሰፈሮችም ተራቸው ደርሶ ፈርሰዋል። እንግዲህ ነገ ሌላውን ሰፈር ለመለካት ሜትር ይዛችሁ የምትወጡ ሆይ፣ ሜትሩን ከመዘርጋታችሁ በፊት የእድሩን ዳኛ አስጠርታችሁ መዝገቡን አስከፍቱ፤ አብረው የሚቀባበሩትንም አብራችሁ አስፍሯቸው።