ስክሪን ሪደር ነጋሪት ጋዜጣን ለምን አያነብም?



ማየት የተሳናቸው የሕግ ተማሪ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ኮምፒውተር ላይ የሚያጠኑት ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ስክሪን ሪደር ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው በነፃ ይገኛል፤ አማርኛ የሚያነብ ድምፅም አለው (ድምፁ እንደ ሰው አይጥምም፣ ግን ይለመዳል)።

ችግሩ ያለው ሰነዱ ላይ ነው። በፍላሽና በቴሌግራም ከምንቀባበላቸው አዋጆች ብዙዎቹ ስካን የተደረጉ ናቸው። ለእኛ ፊደል የሆነው ለኮምፒውተሩ ፎቶ ስለሆነ ፕሮግራሙ ዝም ይላል። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ እንደ ቴሰራክት ያሉ መሣሪያዎች አማርኛ ያውቃሉ። ነጋሪት ጋዜጣ ግን አማርኛና እንግሊዝኛውን በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ያትማል። ዓምዶቹ ሳይለያዩ ከተሰጡት መሣሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ሊቀላቅላቸው ይችላል። በድሮ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተተየበ ሃንድአውትማ ይብሳል፤ በዩኒኮድ ስላልተጻፈ የሚሰማው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው።

ዓምዱን ለይቶ መቀየር ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ከባድ አይደለም። እርማቱ ግን የሕግ ተማሪ ይፈልጋል። አንድ የንዑስ አንቀጽ ቁጥር ቢሳሳት፣ ወይም “አይችልም” የሚለው “ይችላል” ሆኖ ቢወጣ፣ ተማሪው የሚያጠናው ሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሥራት ይሻላል፦ አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የተቀየረውን እየተከታተለ ያርማል። መድረሳ ላይ ሒፍዝ ስንደማመጥ የለመድነው ነው። አንዴ የታረመ አዋጅ ለሚቀጥሉት ባቾችም ይቀራል። ከመጀመራችን በፊት ግን ባለቤቱን እንጠይቅ፤ አንዱ ብሬል ይመርጣል፣ ሌላው የድምፅ ቅጂ፣ በከፊል የሚያየው ደግሞ ጎላ ያለ ፊደል።

የጀመዓው በጎ ፈቃድ የትምህርት ክፍሉን ግዴታ አይተካም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ንዑስ አንቀጽ 5 ከፍተኛ ትምህርትን በስም ይጠቅሳል፤ ለተማሪው የሚያስፈልገው ማመቻቸት እንዲደረግም ያዛል። የሕግ ተማሪ ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል። የሚጎድለው አብሮት የሚፈርም ሰው ነው። ደብዳቤውን እነሱ ያርቅቁት፤ ጥያቄውም የተቆጠረ ይሁን፦ ሃንድአውት ከክፍል በፊት በዩኒኮድ ተጽፎ እንዲሰጥ፣ የፈተና አንባቢው የሕግ ቃላትን የሚያውቅ እንዲሆን፣ ተጨማሪው ሰዓት ደግሞ ፈተና አዳራሽ በር ላይ ሳይሆን በሴሚስተሩ መጀመሪያ በጽሑፍ እንዲወሰን።